ከባሕር ወጥቶ አዲስ አበባ ለመግባት ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጅቡቲ ወደብ ላይ ትራንዚተር ሆኖ ይሠራል። በታኅሣሥ እሱ ጋ ሄጄ አምና የጀመርኩትን የስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ትምህርት ልጨርስ አስቤአለሁ። ሐሙስ ሁለት ጊዜ፣ ዓርብም ሁለት ጊዜ እጠልቃለሁ፤ የዓርቡ የመጨረሻው ጠለቃ የሚያልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የመመለሻ በረራዬ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አንዲት ጓደኛዬ «ጠልቀሽ ወዲያው አውሮፕላን ላይ ከወጣሽ ደምሽ ውስጥ አየር ይሠራል» ብላ አስፈራራችኝ። የዳይቪንግ አስተማሪው ደግሞ በረራው አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም ይላል። ወንድሜ «ከፈራሽ በመኪና ወይም በባቡር ትመለሻለሽ» አለኝ። ማንን ልስማ? ስንት ሰዓትስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ዋናውን ላስቀድምልዎ፤ በያዙት ዕቅድ አይብረሩ። ዓርብ በ9 ሰዓት ከውሃ ወጥተው ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ሲነሡ መካከሉ 16 ሰዓት ብቻ ነው። ለሁለት ቀን ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ይህ አይበቃም። ትንሹ ልክ 18 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ግን እኔ 24 ሰዓት እላለሁ። የጓደኛዎ ስጋት መሠረት አለው። አስተማሪው ተሳስተዋል። ወንድምዎ በቅን ልብ ያቀረቡልዎ የመኪናና የባቡር መፍትሔም ከአደጋው አያወጣዎትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

በመጀመሪያ ጓደኛዎ «ደም ውስጥ አየር ይሠራል» ያሉትን እንየው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሰውነታችን ለምንም አይጠቀምበትም፤ ያስገባዋል፣ መልሶ ያስወጣዋል። ባሕር ውስጥ ሲገቡ ግን በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ 20 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ የሚያርፍበት ግፊት ባሕር ዳርቻው ላይ ቆሞ ከነበረበት ሦስት እጥፍ ነው። ከሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ግፊት ስለሚመጣ ናይትሮጅኑ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጡንቻ፣ ወደ ስብ፣ ወደ መገጣጠሚያ እየገባ ይሟሟል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ነው፤ አይታይም፣ አያምም፣ ጠላቂው ምንም አይሰማውም።

ያልተከፈተ አምቦ ውሃ አንሥተው ይመልከቱ። ውስጡ ጥርት ያለ ነው፤ ጋዝ ያለው አይመስልም። ቆርኪውን በአንድ ጊዜ ሲነቅሉት ግን ግፊቱ ድንገት ይወርድና ጋዙ እየገነፈለ ይወጣል። የጠላቂም ሰውነት እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል ተነፍሶ ይወጣል። ከቸኮለ ግን እዚያው ደሙና ሥጋው ውስጥ አረፋ ይሠራል። አረፋው ነርቭ ይጫናል፣ ትንንሽ የደም ሥር ይዘጋል፣ መገጣጠሚያን ያሳምማል። በሕክምና ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ የሚባለው፣ ጠላቂዎች «ቤንድስ» የሚሉት በሽታ ይህ ነው።

ከውሃ ወጥቶ ፎጣ ላይ መቀመጥ ናይትሮጅኑ አለቀ ማለት አይደለም። ደምና አንጎል ቶሎ ያራግፉታል፤ ስብና የመገጣጠሚያ አካባቢ ግን ብዙ ሰዓት ይፈልጋሉ። ሐሙስ የገባው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ዓርብ ሌላ ይደረብበታል። በዚህ ላይ ከፍታ ላይ ሲወጡ ግፊቱ ሌላ ዙር ይወርዳል፤ ግማሹን የተነፈሰውን ጠርሙስ እንደገና እንደ መክፈት ማለት ነው።

በሽታው ሰው መብረር ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ነው። ለድልድይ መሠረት የታመቀ አየር በተሞላ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ወንዝ ሥር ሲቆፍሩ የሚውሉ ሠራተኞች ከሣጥኑ ሲወጡ በመገጣጠሚያ ሕመም ይጎብጡ ነበር፤ ሽባ ሆነው የቀሩም አሉ። የኒውዮርኩን ብሩክሊን ድልድይ ያሠሩት መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 በዚሁ በሽታ ወድቀው ቀሪውን ሥራ ከቤታቸው ሆነው ለመምራት ተገደዋል። በ1878 ፈረንሳዊው ፖል ቤር ጥፋቱ የናይትሮጅን መሆኑን አሳዩ። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባሉት ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት ደግሞ ፍየሎችን ግፊት ክፍል ውስጥ እያስገቡ ካጠኑ በኋላ በ1908 ጠላቂ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበትን ሰንጠረዥ አሳተሙ። በሽታው የያዛት ፍየል እግሯን ከመሬት አንሥታ፣ አልረግጥም ብላ ትቆም ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ በአጭሩ ዳን የሚባል በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሚገኝ የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት አለ። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ፈቃደኛ ሰዎች ግፊት ክፍል ውስጥ እንደጠለቀ ሰው እንዲሆኑ፣ ከዚያም የተለያየ ሰዓት አርፈው የአውሮፕላን ከፍታ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ተጠንቷል። የመስኩ ባለሙያዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ የወጣው መመሪያ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠልቆ፣ ሲወጣም መሃል ላይ ናይትሮጅኑን ለማራገፍ በግዴታ መቆም ያላስፈለገው ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት ይጠብቃል። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። የማራገፊያ ማቆሚያ የሚያስፈልገው ረጅምና ጥልቅ ጠለቃ ያደረገ ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የበለጠ። ናይትሮጅኑ የተቀነሰ አየር፣ ናይትሮክስ የሚባለውን ተጠቅሜአለሁና አይመለከተኝም የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ይመለከተዋል፣ ሰዓቱም ያው ነው። እነዚህ ቁጥሮች ትንሹ ልክ ናቸው፤ አደጋውን ይቀንሱታል እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም። የሰው ገላ ይለያያል፤ እኩል ጠልቀው፣ እኩል ጠብቀው አንዱ ደኅና ሆኖ ሌላው ይታመማል።

ታዲያ ለእርስዎ 18 አልፌ 24 ያልኩት ለምንድን ነው? ስለ አዲስ አበባ ነው።

የመንገደኛ አውሮፕላን 11 ሺህ ሜትር ላይ ቢበርም ካቢኑ ውስጥ አየር ስለሚታመቅ የሚሰማን ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። መመሪያው የተሠራው እስከዚህ ላለው ከፍታ ነው። አሁን ቦሌን ያስቡት፤ ማኮብኮቢያው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከጅቡቲ ዱባይ የሚሄድ ጠላቂ ጥቂት ሰዓት ከፍታ ላይ ቆይቶ መልሶ ባሕር ዳርቻ ላይ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። እርስዎ ግን ቦሌ ላይ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ከአንድ ካቢን ወደ ሌላ ካቢን ነው የሚወጡት። እዚያው ያድራሉ፣ በማግሥቱም እዚያው ይውላሉ። እሑድ እንጦጦ ቢወጡ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ሊሉ ነው፤ ይህም መመሪያው ከሚሸፍነው ከፍታ ውጭ ነው። ስለዚህ አስተማሪው «በረራው አንድ ሰዓት ብቻ ነው» ያሉት ለሌላ ከተማ እንኳ የሚያወላዳ ምክር አይደለም፤ ለአዲስ አበባ ጭራሽ አይሆንም። የእርስዎ «በረራ» አንድ ሰዓት ሳይሆን እስከሚቀጥለው የቆላ ጉዞዎ ድረስ የሚቆይ ነው።

ወንድምዎ ባቡር ያሉትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አረፋውን የሚሠራው አውሮፕላኑ አይደለም፤ የግፊቱ መቀነስ ነው። ከጅቡቲ የሚነሣው ባቡር ከባሕሩ አጠገብ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ እየወጣ አዲስ አበባ ይገባል። መኪናውም በጋላፊ በኩል አፋርን አቋርጦ፣ አዋሽን አልፎ፣ አዳማ ላይ ሲደርስ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። መድረሻው ያው የአዲስ አበባ አየር ነው፤ በባሕር ዳርቻው ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ። እውነት ለመናገር የመንገዱ ሰዓት ራሱ ጥቂት ይጠቅማል፤ በተለይ መኪናው አፋር ቆላ ላይ ዝቅ ብሎ ረጅም ስለሚጓዝ ሰውነት የማራገፊያ ጊዜ ያገኛል። ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው አዲስ አበባ እስኪገቡ ሳይሆን ከፍታው 600 ሜትር እስኪያልፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ እንደ በረራ ይቁጠሩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ክሊኒክ መጣ። ጃኬቱን እንዲያወልቅ ብጠይቀው እጅጌውን ማውጣት አቃተው፤ እኔና ነርሷ ተጋግዘን አወለቅንለት። ትከሻውን ስነካው አላበጠም፣ አልቀላም፣ አልሞቀም። ከዚያ በፊት በሄደበት የጤና ተቋም ሻንጣ ተሸክሞ ጡንቻው ተቀጭቷል ተብሎ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቷል፤ አልተሻለውም። ክንዱን አጣጥፎ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲቀመጥ ሳይ የሃልዴን ፍየሎች ትዝ አሉኝ። «ሰሞኑን ባሕር ሄደህ ነበር?» አልኩት። ገረመው። ከሁለት ቀን በፊት ቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጊዜ ጠልቆ በዚያው ማታ መንገድ ጀምሯል። «ግን ዶክተር፣ አልበረርኩም እኮ! በመኪና ነው የመጣሁት» አለኝ፤ ከበረራ እንዲጠነቀቅ የነገረው ሰው ስለነበረ ጠንቅቆ የሄደ መስሎት ነበር። ወዲያው በጭምብል ኦክስጅን አደረግንለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክንዱን ትንሽ ማንሣት ጀመረ። በስልክ የጠላቂዎች ሐኪም አማክረን ለቀናት ተከታተልነው፤ ዳነ። ነገሩ መገጣጠሚያው ላይ ቀርቶለት እንጂ ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ስለ እግሩ ነበር የምንጨነቀው። ያንን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ፣ አንድ ሰው «ከአውሮፕላን» በማለት ፈንታ «ከከፍታ» ብሎ ቢያስጠነቅቀው ኖሮ አይታመምም ነበር።

በውጭ የምትኖሩ አንባቢዎቼም ይህን ልብ በሉ። ጅዳ ጠልቆ በዚያው ቀን ጣይፍ የሚወጣ ሰው፣ ከ1,800 ሜትር በላይ እየወጣ ነው። ፉጃይራ ውስጥ ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ጀበል ጄይስን ለማየት የሚነዳ፣ ወይም ግብፅ ውስጥ ዳሃብና ሻርም ኤል ሼክ ጠልቆ በዚያው ሌሊት የሙሴ ተራራ በሚባለው ደብረ ሲና ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት የሚወጣ እንዲሁ። የደብረ ሲና ጫፍ 2,285 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይተናነስም። ምጽዋ ጠልቆ አስመራ መግባትም ያው ነው፤ 115 ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቶ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ። ተራራውን አስቀድሞ፣ ባሕሩን ኋላ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ወደ ሌላው አቅጣጫ ለሚጨነቁም፦ ከአዲስ አበባ በርሮ በማግሥቱ መጥለቅ በናይትሮጅን በኩል ችግር የለውም። ጉንፋን ይዞዎት አፍንጫዎ ከተዘጋ ግን አይጥለቁ፤ ጆሮዎ ይጎዳል።

አሁን ምልክቶቹን እነግርዎታለሁ፤ እነዚህን ወንድምዎም ይወቋቸው፤ የታመመ ሰው ራሱን ስለሚያታልል። አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ በወጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ፤ እስከ 24 ሰዓት የሚዘገዩም አሉ፣ ከፍታ ደግሞ ተኝቶ የነበረውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ትከሻ፣ ክርን ወይም ጉልበት ውስጥ ጠልቆ የሚያም፣ ቢያሹት የማይለቅ ሕመም፤ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ድካም፤ ቆዳ ላይ ማሳከክ ወይም እብነ በረድ የመሰለ ወይን ጠጅ ዝንጉርጉር። ከዚህ የሚብሱት የነርቭ ናቸው፦ እጅ ወይም እግር መደንዘዝ፣ እግር መስነፍ፣ ሽንት አልመጣ ማለት፣ ማዞር፣ የጆሮ መስማት መቀነስ፣ የንግግር መደነቃቀፍ። ደረት ማመምና ትንፋሽ ማጠር ከታየ አንድ ደቂቃ አይባክንም።

ከነዚህ አንዱ ጅቡቲ እያሉ ከታየ አይሳፈሩ። ቲኬቱ ይቃጠል። «አዲስ አበባ ገብቼ እታከማለሁ» ማለት በሽታውን ወደሚያባብሰው ቦታ ማምጣት ነው። ጋደም ብለው ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ይውሰዱ፤ ጥሩ የጠለቃ ማዕከል ሁሉ ጀልባው ላይ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ፣ ከሌላቸው ሌላ ማዕከል ይፈልጉ። ቅርብ ያለው የግፊት ሕክምና ክፍል የት እንደሆነም ይጠይቁ፤ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው፤ ሕመምተኛው ግፊት ያለው ክፍል ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እየተነፈሰ አረፋው እንዲሟሟ ይደረጋል። በኦክስጅን ቢሻልዎትም ጉዳዩ አለቀ ብለው አይተዉት፤ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሕመሙ ይለቀኛል ብለው መልሰው ባሕር ውስጥ እንዳይገቡ፤ ይህ ሰው የገደለ ስህተት ነው። ምልክቱ አዲስ አበባ ገብተው ከጀመረ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና የመጀመሪያው ቃልዎ «ስኩባ ጠልቄ ነበር» ይሁን። እኛ ሐኪሞች በዚህ ከተማ ይህን በሽታ በየቀኑ ስለማናይ ካልነገሩን ወደ ጡንቻና ወደ ወገብ ዲስክ እናስባለን። የዳን የአደጋ ጊዜ ስልክ አባል ላልሆነም ሰው ሌት ተቀን ያገለግላል፤ ሐኪምዎ እንዲደውሉ ይንገሯቸው። በዚህ በሽታ የታከመ ሰው መልሶ መቼ እንደሚበር የሚወስነው ያከመው ሐኪም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል።

እንግዲህ ወደ ዕቅድዎ። ዓርብ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ጠልቀው በ4 ሰዓት ከውሃ ቢወጡ እስከ ቅዳሜ 1 ሰዓት 21 ሰዓት ይሆናል፤ ከ18 ይበልጣል፣ እኔ ከምፈልገው 24 ግን ያንሳል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፤ በረራው የማይለወጥ ከሆነ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሄጄ ረቡዕና ሐሙስ እጠልቃለሁ፤ ዓርብን ያለ ሲሊንደር አውለዋለሁ። የዓርቡ ቀን ደግሞ አይባክንም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ለምግብ ወደ ውሃው የላይኛው ገጽ ይጠጋሉ፤ የሚታዩትም በአብዛኛው መነጽርና ስኖርክል የሚባለውን የመተንፈሻ ቱቦ ብቻ አድርጎ ከላይ በመዋኘት ነው። ከውሃው ገጽ ላይ መዋኘት ናይትሮጅን ስለማያከማች መጠበቂያ ሰዓት የለውም። ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ በዚያ ምሽት አልኮል ይቅርብዎ።

የመጨረሻውን ጠለቃ ጨርሰው ጀልባው ላይ እንደወጡ ሰዓቱን ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ ፎቶም ቢያነሡት ይሻላል። የጠለቃ ኮምፒውተር ካለዎት «አትብረር» የሚል የአውሮፕላን ምልክት ያሳይዎታል፤ ምልክቱ 24 ሰዓት ሳይሞላ ቢጠፋም እርስዎ ግን የጻፉትን ሰዓት ይጠብቁ። ሐሙስ በ9 ሰዓት ከወጡ ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት 40 ሰዓት ይሞላዎታል፤ ያኔ ሳይጨነቁ ይሳፈሩ።